«የመጨረሻውን ንገረኝ!»

ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ድረስ አንድ የገበያ ወግ ላውጋችሁ። ገበያው መርካቶ አይደለም፤ በርበሬም ቡናም አይሸጥበትም። የሚሸጠው ስም ነው፤ ከሻጮቹም አንዱ እኔ ነኝ።

ስም ስል የሰው ስም ማለቴ አይደለም። በስልክና በኮምፒውተር አንድን ገጽ ለማግኘት የምንጽፈውን፣ ጫፉ ላይ «ዶት ኮም» ወይም «ዶት ኦርግ» ያለበትን፣ ዶሜይን የሚሉትን አድራሻ ነው። ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው ዓመታዊ ክፍያውን እስከከፈለ ድረስ በእጁ ይቆያል። ላሊበላ የሚባል ምግብ ቤት በየከተማው ሊኖር ይችላል፤ «ላሊበላ ዶት ኮም» ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። የነገሩ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እስከ 1995 መስከረም ድረስ ምዝገባው በነጻ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ከአንዱ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው መዝጋቢ ድርጅት ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ዛሬ አንድ ተራ «ዶት ኮም» ለማስመዝገብ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይበቃል፤ የተመዘገበው ከ150 ሚሊዮን በላይ ነው። ጥሩ ጥሩው ስም ያለቀው ታዲያ ድሮ ነው። የፈለገ ሰው ከያዘው መግዛት አለበት። «ቮይስ ዶት ኮም» የተባለው በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ቮይስ ማለት እንግዲህ ድምፅ ማለት ነው። እኛ አገር ቤት ድምፃችንን ስናሰማ የተከፈለን በሌላ ዓይነት ነበር።

ከአገር የወጣሁት በ2014 ነው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ መንግሥት አምስት መጽሔቶችንና አንድ ጋዜጣን መክሰሱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እኛ ከተከሰሱት ውስጥ አልነበርንም፤ ተራችንን ግን ቆመን አልጠበቅንም። ሁለት ዓመት ናይሮቢ ተቀምጬ በ2016 ኦክላንድ ገባሁ። እዚህ ሥራዬ ሹፍርና ነው፤ ቀን ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በ880 መንገድ ስመላለስ፣ ማታ ደግሞ ለማኅበረሰባችን የሚሆን አንድ ሁለት ነገር እጽፋለሁ። በ2017 አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ዶሜይን ንግድ ነገረኝና ካጠራቀምኩት ላይ 11 ስም አስመዘገብኩ። አብዛኞቹ የምግብና የከተማ ስም የተጣመረባቸው ነበሩ። ጤፍን በአንድ ኤፍ ልጻፈው በሁለት ኤፍ እያልኩ ያደርኩበት ሌሊት አለ። በየዓመቱ እድሳቱን ስከፍል ባለቤቴ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሟን ሣር የሚገዛላት ግን ያንተን አየሁ» ትለኛለች።

የመጀመሪያው ገዢ የመጣው በ2022 ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ እንጀራና ድፎ ዳቦ እየጋገረ ለየቤቱ የሚያደርስ ያገራችን ሰው ነው። ቡና ጋበዘኝ። ልጆቼን ጠየቀ፤ ዘመዶቼን ጠየቀ። አንድ ሰዓት ያህል ተጫወትንና፣ «ለመሆኑ ስንት ገዛኸው?» አለኝ። አላዋቂ ነበርኩና እውነቱን ነገርኩት፤ 12 ዶላር። «በል እንግዲህ 20 ላድርግልህ፤ ትርፍም አለው» አለኝ። እኔ 900 ብዬ ነበር ያሰብኩት። አምስት ዓመት ሙሉ የከፈልኩትን፣ ያልተሸጡትን የአሥሩንም ቀለብ ጭምር ቆጥሬ ማለቴ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መርካቶ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። «የመጨረሻውን ንገረኝ!» የመጨረሻውን ስነግረው «እሱማ የመጀመሪያው ነው» ይለኛል። ሌሊት ይደውላል። ሳይደውል ሲቀር የሚያውቁን ሰዎች ይደውላሉ። አንድ እሑድ ሁለታችንም የምናከብራቸውን አንድ ጋሼ ይዞ መጣ፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ ወንድምህ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ወንድሜማ ነው፤ ወንድሜም ቢሆን እንጀራውን በነጻ ሰጥቶኝ አያውቅም።

እውነት ለመናገር ያንበረከከኝ ሌላ ነገር ነው። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም? የእንጀራን ስም አንተ ማነህና ትሸጥልኛለህ? የአገር ስም አይደለም?» አለኝ። ይህ ነገር ወጋኝ። ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ በ2005 አመልክታ ከስታርባክስ ጋር ስትወዛገብ፣ በ2007ም ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ፣ እኔ ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ። ስለ ስም ባለቤትነት ስንት ገጽ እንደጻፍኩ እኔ አውቃለሁ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ አሠራር ላይ ያወጣው የፈጠራ መብት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ሲያጣ ደግሞ እዚሁ ኦክላንድ ሆኜ እልል ብያለሁ። ያ ሁሉ አልፎ አሁን እኔው ራሴ የእንጀራን ስም ይዤ «900» እላለሁ! መልስ አልነበረኝም። ዝቅ አደረግሁለት እንዳትሉኝ ግን፤ አላደረግሁም። የቤት ኪራይ ስለ ይርጋጨፌ አይሰማም።

አራት ወር ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው አንድ ነገር የተገለጠልኝ። ለካ እሱን አስቸጋሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዋጋዬን በወረቀት አላሰፈርኩም፤ ቀን አልቆረጥኩም፤ በደወለ ቁጥር አነሣለሁ። ሲደውል መነጋገር ድርድር መሆኑን አላወቅሁም። ስለዚህ አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁለት፤ ዋጋው 900፣ ይህ ዋጋ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚጸና፣ ከዚያ በኋላ ስሙ ለማንም የሚሸጥ። በማግሥቱ ደወለና በጣም በትሕትና፣ «በየወሩ ብከፍልህስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ያገራችን ቀብድ ጠቀመኝ። በ1952 ዓ.ም. (ይህ እንግዲህ የኛው አቆጣጠር ነው) የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ካሊፎርኒያ በኢትዮጵያ ሕግ አይዳኝም፤ ሁለታችንም ግን የምናውቀው እሱን ስለሆነ ቃሉን በውላችን ውስጥ አስገባነው። 200 ዶላር ቀብድ፣ የቀረው 700 በሰባት ወር። ስሙ ሒሳቡ እስኪያልቅ በእኔ እጅ ይቆያል፤ ግን የእሱን ገጽ እንዲያሳይ አዞርኩለት። እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ቤቱን ሳትሸጥ ቁልፉን እንደማከራየት ነው።

ሦስት ወር ከፈለ። ከጥር ጀምሮ አቆመ። ስደውል አያነሣም፤ የመደወሉ ተራ የእኔ ሆነ ማለት ነው። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ። በ2023 በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ማታ፣ ሥራ ደክሞኝ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ስሙን ከገጹ ነቀልኩት። መብቴ ነበር፤ በውሉ ተጽፏል።

ያን ሳምንት የፋሲካ ድፎ ዳቦና እንጀራ ለማዘዝ የፈለገው የሳን ሆዜ ሰው ሁሉ ባዶ ገጽ አገኘ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ገበያ ነበረች። ሐሙስ ዕለት ነገሩ በየቤቱ ተወራ። ዓርብ ስቅለት ጋሼ ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ ሕጉስ ያንተ ነው፤ ቀኑ ግን የማን ነው?» ብለው ዘጉት። ወዲያው መልሼ ከፈትኩት፤ ግን እነዚህ ነገሮች ለሁሉም ሰው እስኪታዩ ሰዓታት ይወስዳሉ። ሰኔ ላይ የቀረውን 400 ዶላር በፖስታ አሽጎ ላከልኝ። ስሙን አዛወርኩለት። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ሰላምታችን በአገጭ ነው። ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ውል ሁሉ ገጽ ከመንቀሌ በፊት የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እሰጣለሁ፤ በዓል ባለበት ሳምንት አልነካም። ለዚህች አንቀጽ አንድ ወዳጅ ከፍያለሁ።

ሌሎቹን ገዢዎች ባጭሩ ልለፋቸው። አንዱ ከየት እንደሆነ ሳይናገር 6 ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ ነገር ግን ስሙ ይህን ያህል እንደሚያወጣ የሚያረጋግጥ ግምት ከአንድ ድርጅት እንዳመጣለት ጠየቀ፤ የድርጅቱንም አድራሻ ላከልኝ። ግምቱ 150 ዶላር ያስከፍላል። ገዢውና ገማቹ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ሆኖም 6 ሺህ የሚለውን ቃል ሳይ ለሁለት ቀን ያህል ልቤ ተከፍሎ እንደነበር አልደብቃችሁም።

ሌላው በሁለት መስመር ኢሜይል፣ «ስሙን ትሸጠዋለህ? ስንት?» አለኝ። 5 ሺህ አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ስሙ የደንበኛዬን የንግድ ምልክት ይመስላል፣ አትርፈህ ለመሸጥ እንደያዝከውም በራስህ እጅ ጽፈሃል፣ በነጻ አስረክብ ይላል። ይህን ወጥመድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1999 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤት የሆነ ሰው ጄኔቫ ላለው የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ከስሶ ስሙን ማስወሰድ ይችላል፤ ለአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር ይከፍላል። ግን ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ስሙ ምልክቱን መምሰሉን፣ የያዘው ሰው መብት የሌለው መሆኑን፣ በክፉ ልብ ተመዝግቦ በክፉ ልብ መሠራቱን። ስሙን ያስመዘገብከው ለዚያው ለባለ ምልክቱ አትርፈህ ለመሸጥ መሆኑ ከታየ ለክፉ ልብ ማስረጃ ይሆናል። እዚሁ አሜሪካም በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ አለ፤ ቅጣቱ በአንድ ስም ከ1 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር ነው። እኔን ያዳነኝ ስሜ ተራ የምግብ ቃል መሆኑና ያስመዘገብኩትም የእነሱ ምልክት ከመኖሩ በፊት መሆኑ ነው። የሕግ ሰው ጠይቄ ሦስት መስመር መለስኩ፤ ዝም አሉ። አሁን ማንነቱን ያልነገረኝን ሰው ዋጋ አልነግረውም።

ስም ንብረት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ራሱ እዚህ ሰፈራችን ነው የተፈታው። ጋሪ ክሬመን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው በ1994 አንድ ስም አስመዘገበ። (ስሙን አልጽፈውም፤ ይህ ጋዜጣ ልጆች ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።) በ1995 ስቲቨን ኮኸን የተባለ አጭበርባሪ በሐሰት በተጻፈ ደብዳቤ መዝጋቢውን አታልሎ ስሙን ወሰደና ብዙ ገንዘብ ሠራበት። በ2000 ሳን ሆዜ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ስሙ ለክሬመን እንዲመለስ፣ በ2001 ደግሞ 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ፈረደ። ሰውየው ወደ ሜክሲኮ ሸሸ። በ2003 የይግባኙ ፍርድ ቤት ዶሜይን በካሊፎርኒያ ሕግ እንደ ማንኛውም ንብረት ሊሰረቅ የሚችል ንብረት ነው አለ። ስሙ በ2010 በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የዚያ ሁሉ መነሻ አንድ ወረቀት ነው።

ለዚህ ነው አሁን ያለ እስክሮው የማልሸጠው። እስክሮው ማለት በመካከል ቆሞ ገንዘብ የሚይዝ ድርጅት ነው። ገዢው ገንዘቡን ለእሱ ያስገባል፤ ድርጅቱ «ገብቷል» ሲለኝ የስሙን ቁልፍ ከፍቼ የማዛወሪያውን ኮድ እሰጣለሁ፤ ገዢው «ደረሰኝ» ሲል ገንዘቡ ይለቀቅልኛል። በካርድ የተከፈለ ገንዘብ ከሳምንታት በኋላ ወደ ከፋዩ ሊመለስ ይችላል፤ የሄደ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። «እኔ የማውቀው እስክሮው አለ» የሚል ገዢ ሲመጣባችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ሐሰተኛ የእስክሮው ገጽ የሚሠሩ አሉ። በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለ ድርጅት የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልገዋልና ፈቃዱን ከመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ማጣራት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው እንግዲህ የሚከብደው ገዢ የመጣው።

ከ11ዱ ስሞች ሌላ አንድ አሥራ ሁለተኛ አለኝ፤ የቀድሞው ጋዜጣችን ስም። ናይሮቢ ሳለሁ በተበደርኩት ገንዘብ ያስመዘገብኩት ነው። ከአገር ይዤው በወጣሁት ዲስክ ላይ የነበሩትን 140 እትሞች አንድ በአንድ እዚያ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። በቀን ሦስት አራት ሰው ያያቸዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ ጻፈልኝ። ደንበኛው ስሙን በ1,500 ዶላር ይፈልጋል። «ደንበኛህ ማን ነው?» አልኩት። «ምስጢር ነው።» «ለምን ሥራ ይፈልገዋል?» «አልተነገረኝም።» በሁለተኛው ሳምንት 4 ሺህ ሆነ። በወሩ 9 ሺህ።

ኪሳችን ሳይሆን ስማችን ለምን እንደሚፈለግ የምናውቅ ሰዎች ነን። ሕዝብ የሚያምነውን ስም ገዝቶ የራሱን ወሬ ለማስነበብ የሚፈልግ አይጠፋም። የቀድሞ ባልደረቦቼን በስልክ ሰበሰብኳቸው። ዋሽንግተን ያለው «በፍጹም!» አለ። ናይሮቢ የቀረው ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጸሐፊያችንን ታስታውሳታለህ?» አለኝ።

እንዴት እረሳታለሁ! ያንን ጋዜጣ በየሳምንቱ በኮምፒውተር የለቀመችው እሷ ናት። የእኛ ስም ከጽሑፎቹ በላይ ይወጣል፤ የእሷ አይወጣም። እኛ ስንሰደድ እሷ አዲስ አበባ ቀረች። አሁን ኩላሊቷ ታሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ላይ ናት። ናይሮቢ ያለው ወዳጄ፣ «9 ሺህ ዶላር ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አስበህ ነው?» አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

በማግሥቱ ለደላላው የተማርኩትን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ገዢው ማንነቱን ይግለጽ፤ በስሙ ላይ ዜና እንደማያወጣ በውል ይፈርም፤ የድሮዎቹ እትሞች ባሉበት ይቆዩ፤ ገንዘቡ በእስክሮው ይግባ። ለ17 ቀን ዝም አለ። ከዚያ በአንድ መስመር መጣ፤ «12 ሺህ፣ ያለ ጥያቄ፣ እስከ ዓርብ።»

ሐሙስ ማታ «አይሸጥም» ብዬ መለስኩ። ሌላ ጊዜ እንዳልፈተን ብዬም የሚቻለውን ያህል፣ አሥር ዓመት፣ እድሳቱን ከፈልኩ። ያን ሰሞን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉ ወዳጆቼ ለሕክምናዋ ጥቂት አዋጡልኝ፤ ይህንኑ ልነግራት ቅዳሜ አዲስ አበባ ደወልኩ። ድምፅዋ ደከም ብሏል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ስለ ደላላው ነገርኳት፤ ስሙን እንዴት እንዳዳንኩትም በኩራት ተረኩላት።

ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አንተ ብቻህን ነው እምቢ ያልከው?» አለችኝ።

«አይ፣ ከነእከሌ ጋር ተማክረን ነው» አልኳት።

«እኔን ያማከረኝ የለም። ያን ስም በየሳምንቱ ከላይ ስለጥፍ የኖርኩት እኔ ነኝ እኮ። እሺ ሽጥ እለው እንደሆነ ምን ታውቃለህ? አትሽጥ እል እንደሆነስ?»

የምመልሰው አጣሁ። እሷም ዝም ብላ ቆየችና፣ «ለመሆኑ ደላላው አሁንም አለ?» አለችኝ።

አለ። ሰኞ እንደገና ጽፎልኛል፤ ኢሜይሉን አልመለስኩም። ለእሷ ግን የውሉን ገጽ በሙሉ ላክሁላት፤ የምትጨምረው አንቀጽ ካለ እየጠበቅሁ ነው።